የእኛን ቤት ማን ይቅረጸው?

መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የቃሊቲ መንገድ ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋል። ከደብረ ዘይት መስመር የሚመጡ ተሳቢዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከገላንና ከዱከም ሠራተኛ የጫኑ የፋብሪካ ሰርቪሶች በእርምጃ ይጓዛሉ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። አዛን ሲሰማ ረዳቱ ከኪሱ ተምር አውጥቶ አንዷን ለራሱ፣ አንዷን ለሹፌሩ ያደርግና የቀረውን ከኋላ ላሉት ያቀብላል። ማን ጾመኛ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ የደረሰው ይቀምሳል።

ቤት የደረሰው በሾርባና በሳምቡሳ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ለተራዊህ ወደ መስጂድ ይወጣል። ሲመለስ ሌሊቱ ገና ነው። ልጆች ሰሑር እስኪደርስ አንተኛም ይላሉ። አባት ዜና ይፈልጋል፣ እናት በአማርኛ የተመለሰውን የቱርክ ድራማ ትጠብቃለች፣ ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። በረመዳን ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ የሚሰበሰብ ቤተሰብ ምን ይመልከት የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። እኛም በየጊዜው ስለ ፊልም የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን ጎረቤቶቻችን በዚህ ወር ደጋግመው ይጠይቁናል፤ «ከልጆች ጋር የሚታይ ምን አለ?»

ረመዳን የቁርኣን ወር ነው፣ ፊልም ምን ያደርጋል የሚሉ አባቶች አሉ። ትክክል ናቸው። የሌሊቱን ሶላት ለስክሪን አሳልፋችሁ ስጡ የሚል ሐሳብ የለንም፤ የፊልምን ብይንም ለዑለማዎች እንተዋለን። ነገር ግን ስክሪኑ ቤታችን ከገባ ቆይቷል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የኢስታንቡል ቪላዎች ለአቃቂ ልጆች የሰፈራቸውን ያህል የሚታወቁ ሆነዋል። ስለዚህ የሚቀረን ጥያቄ ምን እናሳያቸው፣ ያዩትንስ እንዴት እንመዝንላቸው የሚለው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት የጎረቤታችን የ11 ዓመት ልጅ «ነጃሺን የሚያሳይ ፊልም አለ?» ብሎ ጠየቀን። መድረሳ ውስጥ የመጀመሪያውን ሒጅራ ተምሮ ነበር። አለ አልነው፤ «ዘ መሴጅ» ወይም በዐረብኛው «አር-ሪሳላ» የተባለውን ከፍተን አብረን ተቀመጥን። ሰሐቦቹ በንጉሡ ፊት የቆሙበት ትዕይንት ሲመጣ ልጁ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ትንሽ ካየ በኋላ ዞር ብሎ «እነዚህ ሐበሾች ናቸው?» አለን።

አይደሉም። ይህን ለአንድ ሕፃን መመለስ ቀሎን ነበር፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር አደረ። የዛሬው ጽሑፋችን የወጣው ከእሱ ነው። በቅርብ ዓመታት ከወጡትና ከእኛ ሕይወት ጋር ከተያያዙት ፊልሞች ጥቂቱን፣ ከቀደሙትም ሁለቱን ይዘን፣ የእኛን ቤት የትኛው ገብቶ አየው፣ የትኛውስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተመለሰ ብለን እንጠይቃለን።

ነጃሺ ያለ ሐበሻ

ሶሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ «ዘ መሴጅ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሥራው በብዙ ፈተና ውስጥ ያለፈ ነበር። ቀረጻው ሞሮኮ ተጀምሮ ሲቋረጥ ሊቢያ ሄዶ ተጠናቀቀ። ዳይሬክተሩ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ቀረጸው። በእንግሊዝኛው ሐምዛን የተጫወተው አንተኒ ኩዊን ሲሆን በዐረብኛው ግብፃዊው ዐብደላህ ጋይስ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልክም ሆነ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ሰዎቹ ወደ ካሜራው ዞረው ሲናገሩ ተመልካቹ ለማን እንደሚናገሩ ይገባዋል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ፊልም ዛሬም በረመዳን የሚከፈተው ለዚህ ጥንቃቄው ነው።

የነጃሺ ትዕይንት ከፊልሙ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ጃዕፈር ከሱረቱ መርየም ሲያነብ ንጉሡ ያደምጣል፤ ከዚያ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል። አንድ ክርስቲያን ንጉሥ የተሰደዱ ሙስሊሞችን አልሰጥም ያለበት ታሪክ በዓለም ሲኒማ እንዲህ ባለ ክብር ሲነገር ማየት ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ንጉሡን የተጫወተው ግን የቤርሙዳ ተወላጁ ኧርል ካምረን ነው፤ ቢላልን በእንግሊዝኛው የተጫወተው ምዕራብ አፍሪካዊው ጆኒ ሴካ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሠርተዋል። ተዋናይ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ቢጫወት ነውር የለበትም፤ ኩዊንም የተወለደው ሜክሲኮ ነበር። እኛን የከነከነን ሌላ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የአለባበሱም፣ የንጉሡ አቀማመጥም፣ የቤቱም አሠራር ከሐበሻ ምድር የመጣ አይመስልም። ሒጅራው ወደ እኛ ነበር፤ ካሜራው ግን አልመጣም።

ለታላላቆቹ ልጆች ፊልሙን አብራችሁ እንድታዩት እንመክራለን። የጦርነት ትዕይንቶች አሉት፣ ርዝመቱም ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ሁለት ምሽት ላይ ብትከፍሉት ይሻላል። ነጃሺ ጋ ስትደርሱ አቁማችሁ ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ስላለው መስጂድ ንገሯቸው። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት እንደደረሰበትም አትደብቋቸው። ታሪኩ ግብፅ ወይም ሊቢያ ውስጥ የተደረገ ሳይሆን አውቶቡስ ተሳፍረው ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ ላይ የተደረገ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

ቢላል፣ የሁሉም የሆነው

ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው «ቢላል» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ነው። ዱባይ ውስጥ የተሠራ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም እዚያው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዳይሬክተሮቹ ኹራም አላቪና አይመን ጀማል ናቸው። ሕፃኑ ቢላል ከእህቱ ጋር በባርነት ወደ መካ ሲወሰድ ይጀምራል፤ ሥዕሉ ያማረ ነው፣ ፈረሶቹና አሸዋው ዓይን ይይዛሉ።

ፊልሙ ስለ ሃይማኖቱ በዝርዝር ከመናገር ይልቅ ስለ ነፃነት መናገርን መርጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሠራው ለዓለም ገበያ ነው። ውጤቱ ግን ለእኛ ልጆች የጎደለ ነው። ቢላል በድንጋይ ሥር ሆኖ «አሐድ፣ አሐድ» ያለው ማንን እንደሚጠራ ያላወቀ ሕፃን ጠንካራ ልብ ያለው ጀግና ብቻ አይቶ ይነሳል። የቢላል እናት ሐማማ ሐበሻ እንደነበረች በታሪክ ይነገራል። ይህም ለእኛ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፊልሙ ሲወጣ ግን «ይህ የእኔ ወገን ነው» የሚያሰኘው ነገር ብዙም አያገኝም። ስለዚህ ፊልሙን አትከልክሏቸው፤ የቀረውን አያት ትሙላው። የመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ስለሚያስደነግጡ ከ7 ዓመት በታች ላሉት ይቆይ።

ሐረር በእንግዳ ዓይን

ከነዚህ ሁለቱ ቀጥለን ካሜራው ወደ ራሳችን ምድር የመጣበትን እንይ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ዳይሬክተር ነው። ቀጥሎ የሠራው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሮንቶ ላይ ታየ። መሠረቱ የካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ ልቦለድ ነው። እንግሊዛውያን ወላጆቿ ሞሮኮ ውስጥ ጥለዋት የሄዱ ሊሊ የምትባል ሕፃን በሱፊ ሼህ እጅ አድጋ፣ ቁርኣን ተምራ፣ ሐረር ትገባለች፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ ለንደን ትሰደዳለች። እዚያ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦቻቸውን እንዲያገኙ ስትረዳ ራሷ ደግሞ አዚዝ የተባለውን ሐኪም ትፈልጋለች።

የፊልሙ ቅንጭብ መጀመሪያ ሲወጣ ዳኮታ ፋኒንግ ኢትዮጵያዊት ሆና ተጫወተች ተብሎ ብዙ ቁጣ ተነስቶ ነበር። ቁጣው በከፊል ከተሳሳተ መረጃ የመጣ ነው፤ ሊሊ በታሪኩ ውስጥ እንግሊዛዊት ናት። እኛ ግን ፊልሙን አይተን የቀረን ቅሬታ ሌላ ነው። አዚዝን የሚጫወተው አሜሪካዊው ያህያ አብዱልማቲን፣ የሊሊን የቅርብ ጓደኛ አሚናን የምትጫወተው ደግሞ የናይጄሪያ ተወላጇ ውንሚ ሞሳኩ ናት። ሁለቱም የተመሰከረላቸው ተዋንያን ናቸው። ሐረር ግን በራሷ ታሪክ ውስጥ ጀርባ ሆና ቀረች። የጀጎል ግንብ፣ ቀጫጭኑ መንገድ፣ ባለ ቀለሙ ግድግዳ ሁሉ ይታያል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የተወለደች ልጅ ምን እንደምታስብ ግን አንሰማም። ሐረርን የምናውቀው ሊሊ ባየችው መጠን ነው።

ለፊልሙ ውለታም አለብን። ሙስሊም ሴት ስትሰግድ፣ ስትማር፣ ስታፈቅርና ስትሰደድ በክብር ያሳያል። እምነቷ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ መጠጊያዋ ነው የቀረበው። በምዕራቡ ሲኒማ ይህ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። በዕድሜ ከፍ ያሉ ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይ ዘመድ በስደት ያለባችሁ፣ ብታዩት ብዙ የምታወሩት ታገኛላችሁ። ዳይሬክተሩ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንኳ ታሪኩ ከውጭ ሲመጣ ዓይኑም ከውጭ እንደሚመጣ ልብ በሉ።

የቤት ልጅ ስትቀርጽ

ያው ሐረር በሌላ ፊልም ፍጹም ሌላ ሆና ትታያለች። ጄሲካ በሺር አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ሜክሲኮአዊት ናቸው። ያደገችው ሐረር ነው፤ በደርግ ዘመን በ16 ዓመቷ ከአገር ወጣች። ትልቅ ሰው ሆና ስትመለስ ልጅ ሳለች የምታውቃቸው የእህል ማሳዎች ጫት ሆነው አገኘቻቸው። አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች የቀረጸችው «ፋያ ዳዪ» እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚካሄደው ቪዥን ዱ ሪል በተባለው የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አገኘ።

ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ታሪክ የለውም። የጫት ለቀማው፣ የእስሩ፣ የጭነቱ ጥድፊያ፣ የዱዓው ዜማ፣ የዕጣኑ ጭስ ይፈራረቃሉ። በመሐል አንድ ታዳጊ አለ፤ አባቱ መርቀና ላይ ሲሆን ደግ፣ ሲበርድለት ቁጡ ነው። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ለመሰደድ ያስባል። አንድ የሱፊዎች ተረትም በፊልሙ ውስጥ ይተረካል፤ የዘላለም ሕይወት ውኃ ስለሚፈልግ ሰው ነው።

ከማኅበረሰባችን አንዳንዶች «ገመናችንን አደባባይ አወጣችው» ሲሉ ሰምተናል። ይህን አቤቱታ በቀላሉ አናልፈውም፤ የራስን ቤት ጉድ ሌላው ፊት መዘርጋት ይከብዳል። ነገር ግን በዚህ ወር ከአፍጥር በኋላ በየሰፈራችን ማን ከማን ጋር ጫት ይዞ እንደሚቀመጥ የማያውቅ ቤተሰብ የት አለ? አባቱ በሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ልጁ ብቻውን ለሰሑር የሚነሳበት ቤት እዚሁ አቃቂ ውስጥ አለ። ጄሲካ ያንን አባት አልሰደበችውም። ልጁም ሲወደው፣ ሲፈራውም እናያለን። እንዲህ አድርጎ ማሳየት የሚችለው ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ነው።

ነቀፋችንም አለ። ጭሱና ጥላው ከማማሩ የተነሳ ሕመሙ የሚረሳበት ጊዜ አለ። መርቀናው እንደ መንፈሳዊ ጉዞ ሆኖ ሲቀርብ ያልበሰለ ወጣት ምን ይዞ እንደሚወጣ ያሳስበናል። ስለዚህ ወላጆች መጀመሪያ ለብቻቸው ያዩት፤ ከዚያ ከ16 ዓመት በላይ ከሆነው ልጃቸው ጋር። ካዩ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አንድ ጥያቄ ቢጠይቁት ይበቃል፤ «አንተስ ለመሄድ አስበህ ታውቃለህ?»

ዱከም፣ እዚሁ አጠገባችን

በመጨረሻ ለእኛ ሰፈር በጣም የሚቀርበው ፊልም እንግዶች የሠሩት ነው። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ»ን ቻይናዊቷ ሺንያን ዩ ከማክስ ደንከን ጋር ዳይሬክት አድርገውታል፤ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ታማራ ዳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በትራይቤካ ፌስቲቫል ታየ። ቦታው ዱከም፣ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ነው። ከአቃቂ ተነስተን በገላን በኩል ስናልፍ በየቀኑ የምናየው አጥር ማለት ነው።

ፊልሙ ሦስት ሴቶችን ይከተላል። አንዷ ዞኑን ለማስፋፋት የምትሮጥ ቻይናዊት ኃላፊ ናት፤ 30 ሺህ አዲስ የሥራ ዕድል ይመጣል እያለች ባለሥልጣናትን ታግባባለች። ሁለተኛዋ ከገጠር ወጥታ ፋብሪካ የገባች ወጣት ናት። ሦስተኛዋ መሬቷ ወደ ፋብሪካው ክልል የሄደባት ገበሬ ናት። ቀረጻው አራት ዓመት የፈጀ በመሆኑ የኮቪድ ወረርሽኝም፣ የሰሜኑ ጦርነትም፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ መውጣቷም በእነዚህ ሴቶች ኑሮ ላይ ሲያርፍ እናያለን።

በዚህ ፊልም ውስጥ መስጂድ ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ስለ ሙስሊሞች የተሠራ አይደለም። ሆኖም ስለ እኛ ነው። ንጋት ላይ ሰሑር በልታ፣ ሱብሒ ሰግዳ፣ በማለዳ ሰርቪስ የምትጠብቅ ልጅ ያለችው ቤተሰብ ይህን ፊልም ሲያይ የማያውቀውን ያውቃል። ልጃችን ማታ ደክሟት ስትመጣ «ደህና ነኝ» ትለናለች እንጂ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈችው አትነግረንም። ፊልሙ የፋብሪካውን ወለል፣ የቁጥጥሩን ጩኸት፣ የተከራየችውን ጠባብ ክፍል፣ ሳቋንም ያሳየናል። ቻይናዊቷን ኃላፊም ሰይጣን አላደረጋትም፤ እሷም ቤተሰቧን ርቃ የምትኖር ሴት ናት። ገበሬዋ የተገባላትን ቃል ስትጠብቅ ግን ካሜራው ትቷት አይሄድም። ትልቁ ብርታቱ ይህ ነው።

ስናወዳድረው እንግዳ መሆን ብቻውን ዓይንን አያሳውርም። «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ሐረር ድረስ መጥቶ የቤቱን ሰው ብዙም ሳያናግር ሄደ። የዱከሙ ፊልም ሠሪዎች አራት ዓመት ተቀምጠው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚነገረውን ሰምተው፣ ቡናውን ጠጥተው ወጡ። ልዩነቱን ያመጣው ጊዜና ትዕግሥት ነው። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ የአቃቂ ቤተሰብ ሁሉ፣ ከ12 ዓመት በላይ ካሉ ልጆች ጋር፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንመርጠው ይህንን ነው።

በሩን የምንከፍተው እኛ ነን

ወደ አማርኛ ፊልሞች እንምጣ። ዛሬ ብዙዎቹ በዩቲዩብ ስለሚለቀቁ የረመዳን ሌሊት ያየናቸው ጥቂት አይደሉም። በእነሱ ውስጥ የምናገኘው ሙስሊም ብዙ ጊዜ ባለ ሱቅ ነው፤ አነጋገሩ ለማሳቅ ተብሎ ይጣመማል፤ ዱቤ አልሰጥም ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ወይም ደግሞ ዒድ ሲመጣ ምግብ ይዛ ብቅ የምትል ደግ ጎረቤት ናት። ክፋት የለበትም፤ ግን ሱቁ ሲዘጋ ያ ሰው ወዴት ይሄዳል? ሚስቱ ምን ትላለች? ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ምን ተሰማው? ፊልሙ ከባንኮኒው ወዲያ አይሻገርም።

ይህን ሁሉ በፊልም ሠሪዎቹ ላይ ብንጭን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ስንቶቻችን ነን ልጃችን «የፊልም ትምህርት መማር እፈልጋለሁ» ሲል ያልተቆጣን? ለሠርግ ቪዲዮ ብዙ ሺህ ብር የሚከፍል ነጋዴ ለአንድ ፊልም ገንዘብ አውጣ ቢባል «ሐላል ገበያ ነው ወይ?» ብሎ ይሸሻል። ካሜራ የያዘ ሰው ሰፈራችን ሲመጣ በሩን እንዘጋለን፤ ኋላ ደግሞ በደንብ አላሳየንም ብለን እንከሳለን።

የሚቀረጽ ታሪክ አጥተን አይደለም። ሞገስ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ የሚታሰሩበትን የጥንቱን የአገራችንን የፍርድ ሥርዓት ይዞ ሙሉ ፊልም ሠርቷል። ያንን ያየ ሰው የእኛም ጊዜ መድረስ አለበት ማለቱ አይቀርም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣውን ሰልፍ አስቡት። ሙስሊሙ እንደ ዜጋ እኩል ልታይ ብሎ ሲወጣ ክርስቲያን ወገኖቹም አብረውት ተሰለፉ። ዒዳችን በአገሪቱ የበዓላት ካሌንደር ላይ የሰፈረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰልፍ የነበሩ አባቶችና እናቶች ዛሬ በየቤታችን ጥግ ላይ ተቀምጠው ሙስበሓቸውን ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ ጠይቀናቸው አናውቅም።

የአቃቂንም ታሪክ አስቡት። ባቡሩን ተከትለው ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ፣ ለንግድ ከጉራጌና ከስልጤ የወጡ፣ ከወሎና ከአርሲ መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ኖረዋል። በአንዱ ቤት መንዙማ ሲባል በሌላው ቤት የጾም ሽሮ ይወጠወጣል። በሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ባልና ሚስት ረመዳን ሲገባ አፍጥርን አብረው ለመብላት ፈረቃ ለመለዋወጥ ሲለምኑ እናስታውሳለን። ይህ አንድ ጥሩ ፊልም ነው። ከሊቢያ በረሃም ከኢስታንቡል ቪላም አያንስም።

ያ የጎረቤታችን ልጅ «እነዚህ ሐበሾች ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሳችን አይደሉም ብቻ ነበር። በማግሥቱ ግን ሌላ ነገር አደረግን። ከአፍጥር በኋላ ስልኩን ይዞ አያቱ ፊት እንዲቀመጥና አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቃቸው ነገርነው፤ «እማማ፣ ልጅ ሆነሽ ረመዳን እንዴት ነበር?» አያቱ መጀመሪያ «አረ ተወኝ፣ ምን አለ ብለህ ነው» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን መግሪብ መድረሱን የሚያውቁት እንዴት እንደነበር፣ ተምር ሲጠፋ በምን ያፈጥሩ እንደነበር ማውራት ጀመሩ። 40 ደቂቃ ቀረጸ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ በመሐል ሕፃን ያለቅሳል፣ ድስት ይወድቃል። ልጁ አጥፍቶ ሊጀምር ሲል ከለከልነው።

በቀሩት የረመዳን ሌሊቶች ከላይ ካነሳናቸው ፊልሞች አንዱን መርጣችሁ ከልጆቻችሁ ጋር እዩ፤ ስታበቁም አንድ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ስልክ ይያዝና ለታላቁ ሰው ጥያቄ ያቅርብ። የቀረጻችሁትን አታጥፉት። ሐረርን በአሥር ዓመት ያሳየችን የሐረር ልጅ ናት፤ አቃቂን የሚያሳየን ልጅም ምናልባት ዛሬ ማታ ሰሑር እስኪደርስ አልተኛም ብሎ ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ይሆናል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ።